የፎሬክስና የሲኤፍዲ ብሮከር ስትመርጡ ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል?

ፎሬክስ (የውጭ ገንዘብ ግብይት) ወይም ሲኤፍዲ (በዋጋ መውጣትና መውረድ ላይ የሚገባ ውል) ለመገበያየት «የቱ ብሮከር (አገበያይ ድርጅት) ይሻላል?» ብላችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብትጠይቁ በደቂቃ ውስጥ ሊንክ ይላክላችኋል። ሊንኩን የላከው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመልሱ የሚጠቀም ሰው ነው። በእሱ ሊንክ አካውንት ከከፈታችሁ፣ በገዛችሁና በሸጣችሁ ቁጥር ብሮከሩ ከሚያገኘው ላይ ይቆርጥለታል። አተረፋችሁም ከሰራችሁም ለእሱ ያው ነው። የሚጠቅመው ቶሎ ቶሎ መገበያየታችሁ ነው። ሥራው ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ቤት የሚያከራይ ደላላም ኮሚሽን ይበላል። ግን ደላላውን «ጣሪያው ያፈሳል ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን አምኖ የሚፈርም የለም።

ስለዚህ ንጽጽሩን ራሳችሁ ሥሩት። እዚህ የብሮከር ስም አልደረድርም። ኢንተርኔት ላይ ያሉት «ምርጥ 10» ዝርዝሮች አብዛኞቹ በዚያው በሊንክ ገንዘብ የሚኖሩ ናቸው። የምጽፈው ሁለት ሦስት ብሮከር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ምኑን በምን ቅደም ተከተል እንደምታዩ ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ ድርቅ እላለሁ። ሰው ሁሉ ከስፕሬድ (ከመግዣና ከመሸጫ ዋጋው ልዩነት) ይጀምራል፤ እኔ ስፕሬድን ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው የማስቀምጠው።

በቅድሚያ ግን አንድ ቁጥር እወቁ። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤስማ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 ሲኤፍዲ ላይ ገደብ ሲጥል፣ ከተራ ደንበኞች አካውንት ከ74 እስከ 89 በመቶው እንደሚከስር የየአገሩን ተቆጣጣሪዎች ጥናት ጠቅሶ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ፈቃድ ያለው ብሮከር የራሱን ከሳሪ ደንበኞች መቶኛ ድረ ገጹ ላይ መለጠፍ አለበት። እንግሊዝም ይህንኑ ደንብ ይዛለች። «ይሄኛው 71 በመቶ፣ ያኛው 76 በመቶ ይላል» ብላችሁ በዚህ አትምረጡ። ልዩነቱ የደንበኞቹን ዓይነት እንጂ የብሮከሩን ጥራት ላያሳይ ይችላል። ይልቅ «የአውሮፓ ፈቃድ አለኝ» የሚል ገጽ ላይ ቁጥሩ ጭራሽ ከሌለ ጠርጥሩ። ምናልባት የገባችሁት ግዴታው በማይመለከተው ሌላ እህት ኩባንያ ገጽ ላይ ነው። ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያስገባንም ይሄው ነው።

ውል የምትገቡት ከማን ጋር ነው?

ሲኤፍዲ ስትገዙ ወርቁን ወይም አክሲዮኑን አትገዙም። ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ ልዩነቱን አንዳችሁ ለሌላው ለመክፈል ከብሮከሩ ጋር ውል ትገባላችሁ፤ በቃ። ካተረፋችሁ የሚከፍላችሁ ብሮከሩ ነው። ብሮከሩ ከወደቀ፣ ከካደ ወይም ከጠፋ ወርቁን የምትጠይቁት ሌላ ሰው የለም። የችርቻሮ ፎሬክስም አሠራሩ ከዚህ አይርቅም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስፕሬዱ ስንት ነው?» ሳይሆን «ውሉ ላይ የሚፈርመው ኩባንያ ማነው?» የሚሆነው።

አንድ የብሮከር ስም ከጀርባው አራት አምስት ኩባንያ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ለንደን፣ አንዱ ቆጵሮስ፣ አንዱ ሲሸልስ፣ አንዱ ባሃማስ። ሎጎው አንድ፣ ቀለሙ አንድ። ማስታወቂያው «በእንግሊዙ ኤፍሲኤ ቁጥጥር ሥር ነን» ይላል፤ አልዋሸም። እናንተን የሚመዘግባችሁ ግን ሌላኛው ኩባንያ ነው።

እንዲህ አድርጋችሁ እዩት። የመመዝገቢያ ቅጹን ክፈቱና የመኖሪያ አገር ላይ ዩናይትድ ኪንግደምን ምረጡ። ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ቀጥሎ ኢትዮጵያን ወይም ኤምሬትስን ምረጡ። ብዙዎቹ ትልልቅ ብሮከሮች ጋ የኩባንያው ስም ዓይናችሁ እያየ ይቀየራል። የፈቃድ ቁጥሩም አብሮ ይቀየራል። 30 የነበረው ከፍተኛ ሌቨሬጅ (በገንዘባችሁ ስንት እጥፍ መገበያየት እንደምትችሉ የሚናገረው ቁጥር) 500 ወይም 1000 ይሆናል። ገጹ ካልተቀየረ ደግሞ የደንበኝነት ውሉን አውርዱ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የኩባንያው ሙሉ ስምና የተመዘገበበት አገር አለ። ስክሪንሹት አንሱት። የምታወዳድሩት ይህንን ኩባንያ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ ያለውን አይደለም።

ፈቃድ ከፈቃድ ይለያል። የእንግሊዙ ኩባንያ ጋ ከሆናችሁ፣ ገንዘባችሁ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ኩባንያው ወድቆ ጉድለት ቢገኝ የካሳ ፈንዱ እስከ 85,000 ፓውንድ ይሸፍናል። የቆጵሮሱ ጋ ከሆናችሁ የፈንዱ ጣሪያ 20,000 ዩሮ ነው። በሁለቱም አገር አካውንታችሁ ከዜሮ በታች ወርዶ ባለዕዳ አትሆኑም፤ ሕጉ ይከለክላል። አውስትራሊያም ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ተመሳሳይ የሌቨሬጅ ጣሪያ አላት። ወደ ደሴቶቹ ስትሄዱ ነገሩ ይሳሳል። ሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስን ውሰዱ። እዚያ ኩባንያ ማስመዝገብ ቀላል ነው፤ የአገሪቱ የፋይናንስ ባለሥልጣን ግን ለፎሬክስ ግብይት ፈቃድ እንደማይሰጥ ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ «በሴንት ቪንሰንት የተመዘገበ» ማለት የንግድ ስም አወጣ ማለት እንጂ የሚቆጣጠረው አለ ማለት አይደለም። ሲሸልስና ቫኑዋቱ ፈቃድ ይሰጣሉ። ጠብ ሲመጣ ግን አቤቱታችሁን አዲስ አበባ ወይም ሪያድ ቁጭ ብላችሁ እዚያ ለማን እንደምታሰሙ አስቡት።

የተቆጣጣሪው ጥቅም ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየን ቀን አለ። ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዝ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ የያዘውን ገደብ በድንገት ለቀቀው። ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ተፈነጠረ። ስቶፕ ሎስ («ኪሳራዬ እዚህ ሲደርስ ዝጋ» የሚል ትዕዛዝ) ያስቀመጡ ሰዎች ባስቀመጡት ዋጋ ሳይሆን እጅግ በራቀ ዋጋ ተዘጉ፤ በመሃል የሚሸጥ አልነበረምና። በአሜሪካ ትልቅ ስም የነበረው ኤፍኤክስሲኤም ደንበኞቹ 225 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ውስጥ መግባታቸውን አስታወቀ፤ በ300 ሚሊዮን ዶላር ብድር ነው ከመውደቅ የዳነው። የእንግሊዙ አልፓሪ ደግሞ ወደቀ። ኳስ የምትከታተሉ ታስታውሱታላችሁ፤ በዚያ ሰዓት የዌስትሃም ማሊያ ደረት ላይ የነበረው ስም አልፓሪ ነው። የፕሪሚየር ሊግ ማሊያ ላይ መለጠፍ ገንዘብ እንዳለ እንጂ ነገም እንደሚኖር አያሳይም። የአልፓሪ ደንበኞችን የጠቀማቸው ማሊያው ሳይሆን ገንዘባቸው ተለይቶ መቀመጡና የካሳ ፈንዱ መኖሩ ነው።

ፈቃዱን ስታጣሩ ብሮከሩ የላከላችሁን ሊንክ አትጫኑ። የተቆጣጣሪውን መዝገብ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ግቡ። የፈቃድ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ድረ ገጹንና ስልኩን አስተያዩ። እውነተኛ ኩባንያ ስምና ቁጥር ሰርቀው፣ በድረ ገጹ አድራሻ ላይ አንድ ፊደል ወይም ሰረዝ ጨምረው የሚሠሩ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል። ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ስትፈልጉት እውነተኛ ኩባንያ ይመጣል፤ አድራሻው ግን እናንተ የገባችሁበት አይደለም። የቆጵሮሱ ተቆጣጣሪ የሳይሴክ መዝገብ ለእያንዳንዱ ኩባንያ የተፈቀዱለትን ድረ ገጾች ስለሚዘረዝር ለዚህ ማጣሪያ ጥሩ ነው። በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ከሌለ በቃ፣ ንጽጽሩ አልቋል። ስፕሬዱን ማየት አያስፈልግም።

የምትኖሩበት አገር

አማርኛ አንባቢ ያለው በየአገሩ ነው። ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ሲኤፍዲ ለተራ ደንበኛ አይፈቀድም። ፎሬክስ ይፈቀዳል፤ ሌቨሬጁ ለዋና ዋና ገንዘቦች 50፣ ለሌሎቹ 20 ነው። ብሮከሩ ቢያንስ 20 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል እንዲኖረው ይገደዳል። ስሙን የብሔራዊ ፊውቸርስ ማኅበር፣ ኤንኤፍኤ፣ ቤዚክ በሚባለው መዝገቡ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ቅጣትና ክስ ካለበትም እዚያው ይታያል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ሆናችሁ የወርቅ ሲኤፍዲ በ500 ሌቨሬጅ የሚከፍትላችሁ ካለ፣ እሱ ወይ ከሕግ ውጭ ነው፣ ወይ የምትኖሩበትን አገር እንድትዋሹ ይፈልጋል። ከዋሻችሁ ደግሞ ገንዘብ በምታወጡበት ቀን ሰበብ ይሆንበታል። አሜሪካም ቢሆን ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። ብሮከሩ አስፈርሞ የሚሰጣችሁ ማስጠንቀቂያ ላይ፣ ያስገባችሁት ገንዘብ የተቆጣጣሪ ጥበቃ እንደሌለው በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ያው ወረቀት ባለፉት አራት ሩብ ዓመታት ስንት በመቶው ደንበኛ እንዳተረፈና እንደከሰረ ይናገራል። አንብቡት።

እስራኤል ላላችሁ፦ የአገሩ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጣቸው የግብይት መድረኮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዝርዝሩ ይፋ ነው። የባይነሪ ኦፕሽን («ዋጋው ይወጣል ወይስ ይወርዳል?» ብሎ የሚያወራርድ) ንግድ በ2017 በክኔሴት ሕግ ሙሉ በሙሉ ተከልክሏል። ዛሬ «ባይነሪ» እያለ የሚደውል ካለ ስልኩን ዝጉት።

ኤምሬትስ ላይ ተቆጣጣሪው አንድ አይደለም። የፌዴራሉ ባለሥልጣን አለ፤ የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል የራሱ አለው፤ የአቡ ዳቢው ማዕከልም እንዲሁ። ብሮከሩ ከሦስቱ የየትኛው እንደሆነ ጠይቁና እዚያው መዝገብ ላይ ፈልጉ። ዱባይ ውስጥ ያማረ ቢሮና የንግድ ፈቃድ ማሳየት የብሮከርነት ፈቃድ ማሳየት አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ ነገሩን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ እንጂ፣ አንድ ግለሰብ ውጭ አገር ባለ ብሮከር ላይ ለመገበያየት ከባንኩ ዶላር እንደልቡ የሚልክበት ሥርዓት አልመጣም። ስለዚህ ሰዉ በሰው እጅ ወይም ዩኤስዲቲ (የዶላርን ዋጋ የሚከተል ክሪፕቶ) ገዝቶ ነው የሚያስገባው። ይህ በምንዛሪ ሕጉ በኩል የሚያመጣውን ጣጣ ለጊዜው እንተወውና ለንጽጽራችን የሚያመጣውን እንይ። ገንዘቡ በእናንተ ስም ከባንክ እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት አይኖራችሁም። ክርክር ቢነሳ ባንኩ «መልሱላት» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ የለም። አገር ውስጥ የካፒታል ገበያ አገልግሎት ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 (ዓ.ም.) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ቦሌ ላይ ቢሮ ተከራይቶ «ፈቃድ አለን» የሚል ካለ የዚህን ባለሥልጣን ፈቃድ ያሳያችሁ። የንግድ ምዝገባና የግብር ከፋይ ቁጥር ማንም ያወጣል። ትምህርት ለመስጠት የወጣ ፈቃድ ደግሞ ገንዘብ ለመቀበል አይሆንም።

ሌቨሬጅ፦ ትልቁ ቁጥር ለማን ይጠቅማል?

«እንግሊዝ 30 ብቻ ነው የምትሰጠው፤ የደሴቱ 500 ይሰጣል» እየተባለ ሁለተኛው እንደ ስጦታ ይነገራል። በቁጥር እንየው።

300 ዶላር አላችሁ። ዩሮ በዶላር 1.10 ላይ ነው። አንድ ሙሉ ሎት 100,000 ዩሮ፣ ማለትም 110,000 ዶላር ነው። በ500 ሌቨሬጅ ለዚህ የሚያዝባችሁ ማርጅን (መያዣ) 220 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ይከፈትላችኋል! አንድ ፒፕ (የ0.0001 የዋጋ ለውጥ) 10 ዶላር ነው። ብሮከሩ የቀራችሁ ገንዘብ የማርጅኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ የሚዘጋ ከሆነ፣ 110 ዶላር ሲቀራችሁ ይዘጋችኋል። 190 ዶላር ለማጣት 19 ፒፕ በቂ ነው። የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ሪፖርት በሚወጣበት አርብ ዩሮ 19 ፒፕ ለመሄድ ሻይ እስኪቀርብላችሁ እንኳን አይጠብቅም።

በዚያው 300 ዶላር በ30 ሌቨሬጅ ከፍተኛው የምትከፍቱት 0.08 ሎት ነው። ያው 19 ፒፕ በተቃራኒው ቢሄድ የምታጡት 15 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። ያማል፤ ግን ነገም አካውንት አላችሁ።

«500 ቢኖረኝም ትንሽ ብቻ እከፍታለሁ» የሚል አለ። ልክ ነው፣ ይቻላል። ግን ትንሽ ለመክፈት 500 አያስፈልግም። ለእኔ ሁለት ብሮከር ላይ የሌቨሬጁ ቁጥር ሲለያይ ትንሹ ነው ነጥብ የሚያገኘው። በአውሮፓና በእንግሊዝ ደንብ ጣሪያው ለዋና ዋና ገንዘቦች 30፣ ለወርቅና ለትልልቅ ኢንዴክሶች (የአክሲዮን ገበያ አመልካቾች) 20፣ ለነጠላ አክሲዮን 5 ነው። እንግሊዝ ደግሞ የክሪፕቶ ሲኤፍዲን ከጥር 2021 ጀምሮ ለተራ ሰው ከልክላለች። ቁጥሮቹን የወሰኑት ሰውን ለመጨቆን አይደለም።

ቦነስም እዚሁ ይገባል። በአውሮፓና በእንግሊዝ ክልክል ነው፤ ደሴቶቹ ላይ ግን ሞልቷል። «100 ዶላር ቦነስ» የሚለውን ውሉ ውስጥ ስታነቡት፣ ለማውጣት መጀመሪያ ይህን ያህል ሎት መገበያየት አለባችሁ የሚል አንቀጽ ይኖራል። እንበል 20 ሎት ነው። ስፕሬዱ 1.2 ፒፕ ከሆነ አንድ ሎት 12 ዶላር ያስከፍላል፤ 20 ሎት 240 ዶላር። መቶውን ለማግኘት 240 ከፈላችሁ። ሌላም አለ፤ አንዳንዱ ውል ቦነሱ ካልተሟላ የራሳችሁንም ገንዘብ ይይዛል። ቦነስ «አልፈልግም» ብላችሁ መተው ካልተቻለ ያንን ብሮከር እለፉት።

ገንዘቡ እንዴት ይወጣል?

ማስገባት ሁሉም ጋ ቀላል ነው። ንጽጽር የሚደረገው መውጫው ላይ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ዝቅተኛው የሚወጣ ገንዘብ ስንት ነው? በባንክ ማውጣት ስንት ያስከፍላል? አካውንቱ በዶላር፣ ካርዳችሁ በዩሮ ወይም በድርሃም ከሆነ ምንዛሪው ስንት ይቆርጣል? ሳትነኩት ብትቀመጡ ከስንት ወር በኋላ «ያልተንቀሳቀሰ አካውንት» ብሎ መቁረጥ ይጀምራል? አንዳንዱ በየወሩ 10 ወይም 15 ዶላር ይነጫል። ትንሽ ገንዘብ አስገብቶ ለረሳ ሰው አካውንቱ በጸጥታ ያልቃል።

ሕጋዊ ብሮከር ገንዘቡን በመጣበት መንገድ ነው የሚመልሰው፤ በካርድ ከገባ ወደዚያው ካርድ፣ በእናንተ ስም ብቻ። ይህ የገንዘብ ማጠብ ሕግ ነው፤ አትናደዱበት። ግን አስቀድማችሁ አስቡበት። በወንድማችሁ ካርድ ካስገባችሁ ወይም በሌላ ሰው ዩኤስዲቲ ከላካችሁ፣ ስታወጡ ስም አልገጠመም ተብሎ ሊያዝ ይችላል። መታወቂያችሁን አካውንቱን ስትከፍቱ አስጨርሱት። ያኔ ያላጣራ ብሮከር ማጣራቱን የሚያስታውሰው ገንዘብ ስትጠይቁት ነው።

ከዚያ ሙከራ። ሁለት ብሮከር ቀርቷችኋል እንበል። ሁለቱም ላይ ቢጠፋ የማይቆጫችሁን ትንሽ ገንዘብ አስገቡ። አንድ ሁለት አነስተኛ ግብይት ሥሩና ከግማሽ በላዩን አውጡ። መቼ ጠየቃችሁ፣ መቼ ጸደቀ፣ መቼ እጃችሁ ገባ፣ ስንት ተቆረጠ፤ ጻፉት። በመሃል ደውሎ «ለምን ታወጣለህ? አሁን እኮ ገበያው ሊነሳ ነው» የሚል «አካውንት ማናጀር» ካለ መልሱን አገኛችሁ። ትንሽ ገንዘብ በደህና መውጣቱ ትልቁም እንደሚወጣ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አጭበርባሪዎችም መጀመሪያ ላይ እያወጡ ነው የሚያለምዱት። ለዚህ ነው የፈቃዱ ማጣሪያ ከዚህ ሙከራ በፊት የሚመጣው።

ወጪው ሲደመር

አሁን ስፕሬድ። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይከራከራል፤ ልዩነቱ ግን የሚመስለውን ያህል አይደለም። አንዱ አካውንት ኮሚሽን የለውም፣ ስፕሬዱ 1.2 ፒፕ ነው። ሌላው ስፕሬዱ 0.2፣ ኮሚሽኑ ግን በአንድ ሎት ደርሶ መልስ 7 ዶላር ነው። እናንተ 0.1 ሎት ነው የምትገበያዩት። የመጀመሪያው 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያስወጣችኋል፤ ሁለተኛው 90 ሳንቲም። ልዩነቱ 30 ሳንቲም! በባንክ ማውጫ 25 ዶላር የሚጠይቅ ብሮከር፣ ከሰማንያ በላይ ግብይት ያጠራቀማችሁትን ቁጠባ በአንድ ቀን ይውጠዋል። በቀን አሥር ጊዜ ገብቶ ለሚወጣ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእሱ ኮሚሽን ያለው ጠባብ ስፕሬድ ይሻለዋል።

«ከ0.0 ጀምሮ» የሚለውን ማስታወቂያ እርሱት። ከዚያ ይጀምራል እንጂ እዚያ አይቀመጥም። ሁለቱን ዴሞ (የልምምድ) አካውንቶች ጎን ለጎን ከፍታችሁ ራሳችሁ መዝግቡ፤ ኋላ ትንሽ ገንዘብ ስታስገቡ በእውነተኛው አካውንት ላይም ድገሙት፤ ዴሞው ሁልጊዜ ደግ ነውና። ሦስት ሰዓት ይበቃል። አንደኛው ለንደንና ኒውዮርክ አብረው ሲሠሩ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ፤ ስፕሬዱ ጠባብ የሚሆንበት ነው። ሁለተኛው ትልቅ የአሜሪካ ዜና ሲወጣ፣ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ በክረምታቸው 10 ሰዓት ተኩል። ሦስተኛው ኒውዮርክ ቀኑን ሲዘጋ፣ በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ወይም በክረምታቸው 7 ሰዓት። በዚያች ሰዓት ስፕሬዱ ሲሰፋ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ሌሊት ክፍት ትታችሁ የተኛችሁት ግብይት ዋጋው ሳይነካው የሚዘጋው በዚህ ጊዜ ነው።

ስዋፕ (ግብይቱ ባደረ ቁጥር የሚቆረጥ ወለድ) ደግሞ አለ፤ ለሚያሳድር ሰው ከስፕሬድ ይብሳል። እንበል ዩሮ ገዝታችሁ ይዛችኋል፤ ብሮከሩ በሎት በየሌሊቱ 7 ዶላር ይቆርጣል። 0.1 ሎት ከሰኞ እስከ ሚቀጥለው ሰኞ ብትይዙ አምስት ሌሊት ነው፤ የሚቆረጠው ግን የሰባት ነው፤ ረቡዕ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ ሦስት እጥፍ ይታሰባልና። 4 ዶላር ከ90 ሳንቲም። ስፕሬዱ 1.20 ነበር። እዚህ ላይ ብሮከር ከብሮከር በጣም ይለያያል፤ ዝርዝሩ መገበያያው ውስጥ በየምርቱ ተጽፏል። ወለድ በሃይማኖት ለማይፈቀድላችሁ ከስዋፕ ነፃ አካውንት አለ። ነፃነቱ ለስንት ሌሊት እንደሆነና ከዚያ በኋላ «የአስተዳደር ክፍያ» የሚባል ይምጣ አይምጣ ጠይቁ፤ ስሙ ተቀይሮ ያው ወለድ የሚመለስባቸው ብሮከሮች አሉ።

ኢሲኤን ነው ወይስ ማርኬት ሜከር?

ኢሲኤን ትዕዛዛችሁን ወደ ሌሎች ገዢና ሻጮች ያስተላልፋል፤ ማርኬት ሜከር ሌላኛው ወገን ራሱ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ በዚህ ጦርነት ይካሄዳል። እኔ ብዙ ቦታ አልሰጠውም። ውሉን ስታነቡ አብዛኛው የሲኤፍዲ ብሮከር በግብይታችሁ ሌላኛው ወገን ራሱ እንደሆነ ይጽፋል። ጥሩ ተቆጣጣሪ ካለው ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ወንጀሉ መደበቁ ነው። ኤፍኤክስሲኤም በ2017 ከአሜሪካ ገበያ የተባረረውና 7 ሚሊዮን ዶላር የተቀጣው፣ ተቆጣጣሪዎቹ እንዳሉት፣ ከደንበኛ ጋር አልፋለምም እያለ ከደንበኞቹ በተቃራኒ ከሚቆመው ድርጅት ጥቅም ስለነበረው ነው። ማስታወቂያው ላይ «ዲሊንግ ዴስክ (ከደንበኛ በተቃራኒ የሚቆም ክፍል) የለም» ይል ነበር። ስለዚህ መለያ ቃሉን ትታችሁ ሁለት ነገር እዩ፦ ትዕዛዝ አፈጻጸም የሚለው ሰነድ ምን ይላል፣ እና በሙከራችሁ ወቅት ስሊፔጁ (በጠየቃችሁትና በተፈጸመው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት) ወደ አንድ ወገን ብቻ ያደላል ወይ። ዋጋው ሁልጊዜ እናንተን በሚጎዳ በኩል ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ ገበያው አይደለም።

ሜታትሬደር 4 ወይም 5 የሚባለው መገበያያ መኖሩ ስለ ብሮከሩ ምንም አይነግራችሁም። ሶፍትዌሩ የሌላ ኩባንያ ነው፤ ብሮከር ተከራይቶት ይጠቀማል፤ አጭበርባሪም ይጠቀምበታል። አፕል በመስከረም 2022 ሁለቱንም ከመደብሩ አውጥቷቸው ነበር፤ በመጋቢት 2023 ነው የተመለሱት። በመደብሩ ላይ የሌለ፣ በቴሌግራም ፋይል ሆኖ የሚላክ መገበያያ ከሆነማ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ትርፍ የተሳለ ቁጥር ነው።

ተበልታችሁ ከሆነ

ገንዘብ ለማውጣት «መጀመሪያ ገንዘብ ላኩ» የሚል እውነተኛ ብሮከር የለም። «ግብር 15 በመቶ ቅድሚያ ክፈሉ»፣ «የአካውንት ማሻሻያ»፣ «የፀረ ገንዘብ ማጠብ መያዣ»፤ ስሙ ይለያያል፣ ነገሩ አንድ ነው። እውነተኛ ክፍያ ካለ ከሚወጣው ላይ ይቀነሳል እንጂ አዲስ አይላክም። እዚህ ከደረሳችሁ ተጨማሪ ሳንቲም አትላኩ። በካርድ የከፈላችሁ ከሆነ ያንኑ ቀን ባንካችሁን ደውላችሁ ክፍያው እንዲመለስ አመልክቱ፤ ጊዜ ገደብ አለው። የቻት መልእክቱን፣ የክፍያ ደረሰኙን፣ የዩኤስዲቲ ግብይት ቁጥሩን ሁሉ አስቀምጡና ለምትኖሩበት አገር ፖሊስና ተቆጣጣሪ አመልክቱ። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ «የጠፋ ገንዘባችሁን እናስመልሳለን» የሚል ሰው ይጽፍላችኋል፤ የጠፋውን መጠን እስከ ሳንቲሙ ያውቀዋል። የሚያውቀው ስም ዝርዝራችሁን ከበላችሁ ሰው ስለገዛ፣ ወይም እሱው ራሱ ስለሆነ ነው። እሱም ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል።